ዕጩውን አስቀድሞ ማወቅ

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች፤

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ ከአለም ገና ወይም ከአሸዋ ሜዳ በታክሲ ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ሥራው የሄደ ሰው፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ አገሩ አዲስ ፕሬዚዳንት ነበራት። ሁለቱ ምክር ቤቶች የዓመቱን የጋራ ስብሰባ ከፈቱ፤ የአምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ ስም ቀረበ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ቃለ መሐላ ተፈጸመ። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. አምባሳደር ሳህለወርቅ ዘውዴ በተሾሙ ጊዜም ስም ማቅረቡ፣ ድምፁና መሐላው እንዲሁ በአንድ ቀን አለቀ። በኢትዮጵያ የፕሬዚዳንት ዕጩ የሚባል ሰው በአደባባይ የሚኖረው ለአንድ ጠዋት ያህል ነው። ተራው ዜጋ ስሙን ሲሰማ ዕጩነቱ አብቅቷል።

ሕጉ ይህን አላዘዘም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 የሚለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ያቀርባል፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣል፣ የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፣ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም ነው። ዕጩው ስሙ በቀረበበት ሰዓት ይሾም የሚል ቃል የለበትም። ዕጩው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ዋና ከተማው ምን እንደሚያስብ ሕዝብ አስቀድሞ እንዳይሰማ የሚከለክል አንቀጽም አይገኝበትም። የሚከለክለው ልማድ ነው።

«ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የለውም፤ ምን ልንጠይቀው ነው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የአስፈጻሚነቱ ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ ሕጉ ያለ ፊርማው በሥራ ላይ ይውላል። ነገር ግን ይቅርታ የሚሰጠው እሱ ነው። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ከእስር የወጡት በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ፊርማ ነበር። የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ስብሰባ የሚከፍተውም እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ርእሰ ብሔር ነው፤ በአገር ስም የሚቆመውን ሰው አለማወቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መጀመር ይሻላል። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ነሐሴ 16 ቀን 1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ከዋለ ገና አንድ ቀኑ ነበር። በዚያ ቀን ሰበታ ላይ ወይም ሱሉልታ ላይ «እኚህ ሰው ማን ናቸው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከስማቸውና ከድርጅታቸው አልፎ የሚናገር ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ግን ቢነገር ኖሮ ብዙ የሚያስተምር ነበር።

የተወለዱት በ1935 ዓ.ም. መገባደጃ ደምቢ ዶሎ፣ ቄለም ወለጋ ነው። አባታቸው ጊዳዳ ሶላን ገና ሕፃን ሳሉ በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡ፣ በልጅነታቸውም ለልመና የወጡ ሰው ነበሩ። በኋላ ግን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆኑ፤ በምዕራብ ወለጋ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ፓስተሮች አንዱ ናቸው። ይህን ታሪክ የሰበታ ሰው ከማንም በላይ ይረዳዋል። ከተማችሁ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ናት፤ በብሬል ጣቱን አሠልጥኖ ጠበቃ፣ መምህር፣ ተመራማሪ የሆነ ስንት ሰው ከዚህ ወጥቷል። ዓይነ ስውር ልጅ የመንገድ ዳር ዕጣ ብቻ እንዳልተጻፈበት ለሰበታ ማስረዳት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የዚያ ዓይነት አባት ልጅ መሆናቸውን ግን በዚያ ነሐሴ ስንቶች አወቁ?

ነጋሶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምረው፣ አስተምረው፣ የአብዮቱ ዋዜማና ጅማሬ በሆነው ወቅት ወደ ጀርመን ሄዱ። በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ አጋማሽ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በደቡብ ምዕራብ ወለጋ ስለሚኖሩት የሰዮ ኦሮሞዎች ታሪክ በሠሩት ጥናት ነው፤ ጥናቱ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ እስከ 1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ይሸፍናል። የነገሥታት ዜና መዋዕል ዳር ዳሩን ብቻ የነካውን ሕዝብ ታሪክ መሀል ላይ ያስቀመጠ ሥራ ነው። አንድ ዕጩ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜው ምን ሲያጠና እንደኖረ ማወቅ፣ ምን እንደሚያሳስበው ማወቅ ነው። የነጋሶ ጥያቄ «የኔ ሕዝብ ታሪክ የት ተጻፈ?» የሚል ነበር፤ ፖለቲካቸውም ከዚያ በቀለ። በጀርመን በኦሮሞ ተማሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ተመልሰው የኢሕአዴግ አባል ድርጅት የነበረውን ኦሕዴድን ተቀላቀሉ፤ በሽግግሩ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ደግሞ በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ሰብሳቢ ዶክተር ነጋሶ ነበሩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሰነድ አንቀጽ 49 ስለ አዲስ አበባ ይናገራል። በንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የኦሮሚያ ክልል በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም እንዲሁም ከተማዋ በክልሉ መሀል በመገኘቷ በሚነሡ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል።

ያ «ዝርዝር» ምንድን ነው? ቡራዩ ይህን ጥያቄ በጀሪካን ታውቀዋለች። የገፈርሳ ግድብ እዚሁ አጠገባችሁ ነው፤ ውሃው ግን ለአስርት ዓመታት ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ኖሯል። ሱሉልታም ታውቀዋለች፤ ከከርሰ ምድሯ የሚወጣ ውሃ በጠርሙስ ታሽጎ በመላ አገሪቱ ይሸጣል፣ ነዋሪዋ ግን ቧንቧ ዳር ተራ ይጠብቃል። የሰበታ ገበሬ ደግሞ የሚያውቀው በወንዙ ቀለምና ሽታ ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ አዋሽ ገባሮች ሲገባ ከብቱ የሚጠጣው እሱን ነው። አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚከራከሩበት ዓረፍተ ነገር አይደለም። የውሃ፣ የቆሻሻና የመሬት ጉዳይ ነው።

ዶክተር ነጋሶ በዚያ ነሐሴ ጠዋት ከመመረጣቸው በፊት አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «ይህን አንቀጽ ያጸደቀውን ጉባኤ እርስዎ መርተዋል፤ ዝርዝሩ መቼና እንዴት ይወጣል ብለው ያስባሉ?» ብሎ በአደባባይ ቢጠይቃቸው ኖሮ፣ መልሳቸው በመዝገብ ይቀር ነበር። ዛሬ ያንን መዝገብ የሚገልጥ ሰው የመሥራቹን ሐሳብ በቃሉ ያገኝ ነበር። በምትኩ ያ ዝርዝር ሕግ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይመጣ ቆየ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ አዋጅ አጽድቆ ወደ ፓርላማ ላከ፤ አዋጅ ሆኖ ግን አልወጣም።

በመሀሉ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በአካል አይታችሁታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኦሮሚያ መቀመጫ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ተቃውሞ ተነሣ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ውሳኔው ተቀልብሶ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚያቀናጀው ማስተር ፕላን ሲሰማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተለኮሰው ተቃውሞ ክልሉን አዳረሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በጥር 2008 ዓ.ም. ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ቡራዩ ላይ የደረሰው ጥቃት ደግሞ ከተማዋን ያቆሰለ፣ ሰዎች የተገደሉበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን ጥለው የሸሹበት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞቻችሁ ከሌሎች ጋር ተጠቃለው የሸገር ከተማ አካል ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በነበረው የቤት ፈረሳ ላይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሪፖርት አውጥቷል። በአንድ ወገን ርስቱን በትንሽ ካሳ የለቀቀ ገበሬ አለ፤ በሌላ ወገን በቁጠባው ከገበሬው ገዝቶ የሠራውና «የጨረቃ ቤት» ተብሎ የፈረሰበት ቤተሰብ አለ። ሁለቱም ሐዘን እውነተኛ ነው። አንዱን አይቶ ሌላውን የማያይ ዕጩ ለዚህች አገር ርእሰ ብሔርነት አይበቃም።

ለዚህ ነው «የዕጩው አቋም ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቅንጦት ያልሆነው።

ወደ ነጋሶ እንመለስ፤ ኢትዮጵያውያን በትክክል ያወቋቸው ከተሾሙ በኋላ ሳይሆን ከወረዱ በኋላ ነውና። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅና ገዥው ግንባር ኢሕአዴግ ሲናወጥ፣ ፕሬዚዳንቱ የግንባሩን ስብሰባ ረግጠው ወጡ፤ ከኦሕዴድም ተባረሩ። የፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው በመስከረም 1994 ዓ.ም. አበቃ። በዚያው ሰሞን ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ራሱን ካላገለለ ጥቅማ ጥቅሙን እንደሚያጣ የሚደነግግ አዋጅ ወጣ። ለማን ታስቦ እንደወጣ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም።

እሳቸው ግን ዝም ብለው ጡረታቸውን አልበሉም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በትውልድ አገራቸው በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳደሩ፤ አሸነፉም። በኢትዮጵያ ታሪክ ርእሰ ብሔር የነበረ ሰው የሕዝብን ድምፅ በየመንደሩ ለምኖ፣ በሕዝብ ካርድ ወደ ምክር ቤት የገባበት አጋጣሚ ይህ ነው። ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አንድም የመራጭ ጥያቄ ሳይመልሱ የተሾሙት ሰው፣ ተራ የምክር ቤት አባል ለመሆን ግን ስለ ትናንታቸውም ስለ ነገውም መልስ መስጠት ነበረባቸው። ለዚህም ከፍለዋል፤ ጥቅማ ጥቅማቸው ተቋረጠ። ይህ ጸሐፊ ከሕይወታቸው ሁሉ የሚያከብረው ይህን ዓመት ነው፤ ቤተ መንግሥት ከነበሩባቸው ስድስት ዓመታት ይልቅ።

ከዚያም ከሌላው የቀድሞ የኢሕአዴግ ሰው ከአቶ ስዬ አብርሃ ጋር ሆነው የተቃዋሚውን ጎራ ተቀላቀሉ፤ የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ሊቀ መንበር እስከ መሆን ደረሱ። ከኦሮሞ ሕዝብ ጥያቄ የተነሣ የታሪክ ምሁር፣ ኢትዮጵያዊ አንድነትን በስሙ የያዘ ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲ መሪ ሆነ። በሁለቱም ወገን ያልተዋጠላቸው ነበሩ። ለአንዱ ወገን የብሔር ብሔረሰቦችን ሕገ መንግሥት የፈረሙ ሰው ነበሩ፤ ለሌላው ደግሞ ወገናቸውን ትተው የሄዱ። ሕይወታቸውን በሙሉ ያየ ሰው ግን የሚያገኘው አንድ መስመር ነው፦ የብሔር መብትና የግለሰብ መብት አንዱ ሌላውን ሳይውጥ አብረው ይቁሙ የሚል። ዳንኤል ተፈራ «ዳንዲ፦ የነጋሶ መንገድ» በሚል ርእስ ታሪካቸውን አሳትሟል፤ ዳንዲ በኦሮምኛ መንገድ ማለት ነው። አገር ስለ መጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ በሰፊው ያነበበችው ከሥልጣን ከወረዱ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በጀርመን አገር ዐረፉ።

ሁለተኛው ፕሬዚዳንት መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ለሰበታ ሰው ሩቅ አይደሉም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፓርላማ ገብተዋል፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ከሰበታ በጅማ መንገድ ወረድ ሲሉ ከሚገኘው ከበቾ በግል ተወዳድረው ተመርጠዋል። ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ጣሊያንኛን ጨምሮ በርካታ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአስመራ በሲቪል አቪዬሽንና በቀይ መስቀል የሠሩ ሰው ነበሩ። «ለም ኢትዮጵያ» የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበርም መሥርተዋል። ስለ ዛፍና ስለ ወንዝ የሚቆረቆር ሰው ለ12 ዓመት ርእሰ ብሔር ሆኖ ሳለ፣ የአዋሽ ገባሮች ጉዳይ አንድም ጊዜ በምክር ቤት ፊት የአቋም ጥያቄ ሆኖ ሳይቀርብላቸው ቀረ። ማን ይጠይቃቸው? መድረኩ የለም።

መድረኩ የሌለው የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ትንሽ ስለሆነ ነው የሚለው ክርክር ደግሞ ነጋሶ በተማሩበት አገር ይፈርሳል። የጀርመን ፕሬዚዳንትም እንደኛው በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ አይመረጥም፤ አስፈጻሚ ሥልጣንም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ክሪስቲያን ቩልፍና ዮአኪም ጋውክ ለሳምንታት በየአደባባዩ ታዩ፣ በጋዜጠኛ ተጠየቁ፣ ስለ አገራቸው ያላቸውን ሐሳብ ተናገሩ። መራጩ ጉባኤ ከ1,200 በላይ አባላት ነበሩት፤ ቩልፍ ያሸነፉት በሦስተኛው ዙር ድምፅ ነው። ተሸናፊው ጋውክ፣ እሳቸውም ፓስተር የነበሩ ናቸው፣ ሕዝብ ስላወቃቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ቩልፍ ሲለቁ ተመልሰው ተመረጡ። በጎረቤታችን በኬንያ ሕዝብ በቀጥታ በሚመርጠው ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። ሥርዓቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሁለቱም አገር ግን ዕጩው ከመመረጡ በፊት ይታያል።

እንግዲህ የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው። ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልገውም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን ዕጩ ስም ከድምፁ ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ያሳውቅ። የዕጩው የትምህርት፣ የሥራና የፖለቲካ ታሪክ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹም የአገሪቱ ቋንቋዎች ይታተም። ዕጩው በምክር ቤቱ ፊት ለግማሽ ቀን ይቀመጥና በቀጥታ በሚተላለፍ ስብሰባ ይጠየቅ። በይቅርታ አሰጣጥ ላይ ምን መርሕ አለህ? በሕግ ላይ ቅር ሲልህ ፊርማህን ትከለክላለህ ወይስ ትፈርማለህ? ስለ አዲስ አበባና ስለ ዙሪያዋ ከተሞች ግንኙነት ምን ታስባለህ? ልዩ ጥቅም የሚባለው ሲዘረዘር የገበሬውን ካሳ፣ የነዋሪውን ውሃና የቤት ባለቤቱን ካርታ እንዴት ያስታርቅ? መልሱ ደስ ላያሰኝ ይችላል። ከተመዘገበ ግን በኋላ ይጠየቅበታል።

ይህን ለማስጀመር የተለየ ሥልጣን ያለው ሰው አያስፈልግም። እያንዳንዳችሁ የመረጣችሁት የሕዝብ ተወካይ አለ፤ ዕጩ የማቅረብ ሥልጣን ያለውም እሱ የተቀመጠበት ምክር ቤት ነው። ወደ ወረዳችሁ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ መብራት ትጠይቁታላችሁ፤ ይህንንም ጨምሩበት። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በጽሑፍ የቀረበ፣ በነዋሪዎች የተፈረመ አንድ ገጽ ጥያቄ ጅምር ይሆናል። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የፕሬዚዳንትነት ዘመን በሕገ መንግሥቱ መሠረት በመስከረም 2023 ዓ.ም. ያበቃል፤ ገጹን ለመጻፍ እስከዚያ አትጠብቁ።